በስህተት የተከፈለ ገንዘብ፦ ያላግባብ የመበልጸግ ሕግ ከጥንት ሮማ እስከ ባንኮቻችን



መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዐርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ የተፈጠረውን ችግር ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱታል። ለጥቂት ሰዓታት የባንኩ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ፤ በኤቲኤም ማሽኖች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ በኋላ የወጣበትን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚጠጋ አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ከገንዘቡ የሚበዛው ተመለሰ።

በዚያ ሰሞን በአደባባይ የተነገረው ቋንቋ በአብዛኛው የወንጀልና የሥነ ምግባር ቋንቋ ነበር። ይህ አያስገርምም፤ በእርግጥም ብዙ ሰው የእርሱ ያልሆነውን እያወቀ ወስዷል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቀመጠው የራሱ ምዕራፍ አለው። ቁጥር 2162 ላይ ይጀምራል። ዛሬ ስለዚህ ምዕራፍ ታሪክ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ በስህተት ስለተከፈለ ገንዘብ የሚናገረው ሕግ ለረጅም ዘመን ዓይኑን የተከለው በከፋዩ ላይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ፊቱን ወደ ተቀባዩ አዞረና «ዛሬ በእጅህ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሕጋችን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ከእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኞች ሠላሳ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ከጥንቱ ልነሣ። ሮማዊው የሕግ ሊቅ ጋይዩስ፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ዕዳ ሳይኖርበት ያለበት መስሎት የከፈለ ሰው ገንዘቡን ልክ እንዳበደረ ሰው ሊያስመልስ እንደሚችል አስተምሯል። ጋይዩስን ያስቸገረው ነገር ምድቡ ነበር። ውል የለም፤ ከፋዩ ገንዘቡን የሰጠው ነገሩን ሊቋጭ ነው እንጂ ብድር ሊጀምር አልነበረም። በደልም የለም፤ ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ እንጂ አልነጠቀም። ታዲያ የመመለስ ግዴታው ከወዴት መጣ? የሮማ ሊቃውንት መልስ፣ ሰው በሌላው ኪሳራ ባለጸጋ መሆኑ ከተፈጥሮ ፍትሕ ጋር አይስማማም የሚል ነበር። ከዚያው ጋር አንድ ገደብ አበጁ፤ ዕዳ እንደሌለበት እያወቀ የከፈለ ሰው እንደ ሰጠ ይቆጠራል፣ ሊያስመልስም አይችልም። ይህን ገደብ በእኛ ሕግ ቁጥር 2165 ላይ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በቋንቋችን አንድ ሰው በለጸገ ሲባል ጎተራው የሞላ፣ ከብቱ የረባ ሰው ይታየናል። በሕግ ግን መበልጸግ ማለት ያን ያህል አይደለም። አንድ መቶ ብር ያላግባብ የገባለት ምስኪንም በዚያች መቶ ብር መጠን በልጽጓል፤ ከኪሱ ሊወጣ የነበረ ወጪ የተረፈለትም እንዲሁ። የሕጉ የእንግሊዝኛ ቅጂ ወደ «ሕገ ወጥ» የሚያዘነብል ቃል መርጧል። «ያላግባብ» የሚለው አማርኛችን የተሻለ ነው እላለሁ፤ ተቀባዩ ሕግ ላይጥስ ይችላልና። የጎደለው ገንዘቡን በእጁ ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት ብቻ ነው።

ሮማን እዚህ ትተን ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ የባንክ ክርክሮች የበዙት፣ ሕጉም በክርክር ብቻ ያደገው እዚያ ነውና። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ዓመታትን ስጠቅስ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1760 ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት ስመ ጥር ዳኛ ሞሰስና ማክፈርላን በተከራከሩበት መዝገብ፣ ገንዘብ የማስመለስ አቤቱታ መሠረቱ የተፈጥሮ ፍትሕ ነው ብለው ፈረዱ። ንግግራቸው ውብ ነበር፤ ተከታዮቻቸው ግን ሰፋ ብሎባቸው መጥበብ ጀመሩ። በ1802 በሕግ ስህተት የተከፈለ አይመለስም የሚል ክልከላ መጣ፤ ይህ ክልከላ እስከ 1998 ድረስ ጸንቶ ቆየ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ መዝገብ ግን የ1841ዱ የኬሊና የሶላሪ ክርክር ነው። ሶላሪ የተባለ ሰው ሕይወቱን በ200 ፓውንድ አስዋስትና ሳለ የመጨረሻውን ዓረቦን ሳይከፍል ሞተ። ዋስትናው ቀሪ ሆነ፤ ከኩባንያው ሹማምንት አንዱም ይህንኑ በሰነዱ ላይ ጻፈ። ባልቴቲቱ ክፍያ ስትጠይቅ ግን ኃላፊዎቹ የጻፉትን ረስተው ከፈሏት። ኋላ አስታወሱና ከሰሷት። የመከላከያዋ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ መዝገባቸው ከፊታቸው ነበር፤ ያልተመለከቱት በራሳቸው ቸልታ ነው። ዳኛው ፓርክ ይህን አልተቀበሉም። ከፋዩ የቱንም ያህል ቸልተኛ ቢሆን፣ በእርግጥ ተሳስቶ እስከ ከፈለ ድረስ ማስመለስ ይችላል ብለው ሐሳባቸውን ሰጡ፤ ጉዳዩም ኃላፊዎቹ በእርግጥ ረስተው እንደሆነ ተጣርቶ እንደገና እንዲታይ ተላከ።

ይህን መዝገብ ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ ከባልቴቲቱ ጎን ይቆማሉ። ደግ ነው። ነገር ግን የፍርዱ አመክንዮ ትክክል ነው፤ የከፋዩ ቸልታ ለተቀባዩ የባለቤትነት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቦርሳውን በታክሲ ውስጥ የረሳ ሰው ቸልተኛ ነው፤ ያ ግን ቦርሳውን ላገኘው ሰው ስጦታ አያደርገውም። ከመዝገቡ የቀረው ክፍተት ሌላ ነው። ባልቴቲቱ ገንዘቡን ለባሏ ተዝካርና ለልጆቿ ቀለብ አውጥታው ቢሆንስ? የዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ይህን ለመጠየቅ ቃል እንኳ አልነበረውም። በ1913 ለአንድ የለንደን ጳጳስ በስህተት የተከፈለ የመሬት ግብር ክርክር ላይ ደረሰ፤ ጳጳሱ ገንዘቡን በቅንነት ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አውጥተውታል። ፍርድ ቤቱ ግን ከኪሳቸው እንዲመልሱ ወሰነ። የተቀበሉትን መቀበላቸው ብቻ ተቆጠረ።

በዚህ መካከል አህጉረ አውሮፓ በሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። የ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕዳ ሳይኖር ስለሚከፈል ገንዘብ ከቁጥር 1376 ጀምሮ ደንግጓል፤ ያላግባብ መበልጸግን የሚመለከት ጠቅላላ መርሕ ግን አልነበረውም። መርሑን ያመጡት ዳኞች ናቸው። በ1892 የፈረንሳይ ሰበር ችሎት የቡዲዬን ጉዳይ አየ፦ አንድ ነጋዴ ማዳበሪያ ለጢሰኛ ሸጠ፤ ጢሰኛው ሳይከፍል እርሻውን ለቀቀ፤ ማዳበሪያው ያበቀለው ሰብል ለባለመሬቱ ቀረ። በነጋዴውና በባለመሬቱ መካከል ውል አልነበረም። ችሎቱ ባለመሬቱ ለነጋዴው እንዲከፍል ወሰነ። ጀርመኖች ደግሞ ከ1900 ጀምሮ በጸናው ሕጋቸው ቁጥር 818 ላይ አዲስ ነገር ጨመሩ፤ ተቀባዩ ጥቅሙ በእጁ ካልቀረ የመመለስ ግዴታው ይቀራል አሉ። ስዊሶችም በ1911 የግዴታዎች ሕጋቸው ቁጥር 64 ላይ ተመሳሳዩን አሰፈሩ፤ ነገር ግን ገንዘቡን በክፉ ልቦና ያጠፋ ወይም ይመለስልኝ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ የነበረበት ሰው በዚህ መከላከያ አይጠቀምም ብለው አጥር አበጁለት።

ወደ አገራችን የምንገባው በዚህ በር ነው። ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ረቂቅ በፈረንሳይኛ ሲያዘጋጁ የአገራቸውን የ1804 ሕግ ገልብጠው አልሰጡንም። የፈረንሳይ ዳኞች ከ1892 ወዲህ ያበጁትን መርሕ ወስደው በምዕራፉ ራስ ላይ አስቀመጡት፦ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሥራ ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት መጠን ይክሳል፤ ይህ ቁጥር 2162 ነው። ቀጥሎ በቁጥር 2163 የስዊሱን የሚመስል ሚዛን አደረጉ፤ ተቀባዩ ገንዘቡ በተጠየቀ ጊዜ ጥቅሙ በእጁ እንደሌለ ካስረዳ በዚያ መጠን ነጻ ይሆናል፤ በክፉ ልቦና ያጠፋው ግን አይድንም። ከዚያም በቁጥር 2164 የማይገባ ክፍያ የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል፣ ተቀባዩ ክፉ ልቦና ከነበረው ደግሞ ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ እንደሚታሰብበት ተደነገገ። ሕጋዊው ወለድ በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት ከመቶ ዘጠኝ ነው።

ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጸና። ፈረንሳይ ራሷ ጠቅላላውን መርሕ በሕግ መጽሐፏ ውስጥ ያስገባችው በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። የውጭ ሰው አርቅቆ የሰጠን ሕግ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል፤ ወቀሳው በብዙ ምዕራፎች ተገቢ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምዕራፍ ግን አርቃቂው ለአገሩ ያልተደረገለትን ለእኛ አድርጓል።

እንግሊዞች ወደዚያው ቦታ የደረሱት በአንድ ሰው የሕይወት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። ሮበርት ጎፍ በ1966 ከጋሬት ጆንስ ጋር ሆነው ስለ ማስመለስ ሕግ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ዳኛ ከሆኑ በኋላ በ1979 የባርክሌይስ ባንክና የሲምስ ጉዳይ ቀረበላቸው። አንድ የቤቶች ማኅበር ለተቋራጩ የ24,000 ፓውንድ ቼክ ይጽፋል፤ ወዲያው ተቋራጩ በዕዳ ተይዞ ንብረት ጠባቂ እንደተሾመበት ሲሰማ ባንኩ ቼኩን እንዳይከፍል ያዝዛል። ባንኩ ትእዛዙን ተቀብሎ መዘገበ፤ ሠራተኛው ግን ሳያስተውለው ከፈለ። የዳኛው አካሄድ ለባንክ ሕግ ተማሪ እስከ ዛሬ ጠቃሚ ነው። ባንኩ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ስለከፈለ የደንበኛውን ሂሳብ መቀነስ አይችልም፤ ያለ ፈቃድ የተከፈለው ገንዘብም የደንበኛውን ዕዳ አያወርድም፤ እንግዲህ ተቋራጩ የተቀበለው ለዕዳው መክፈያ ያልሆነ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ይመልሳል። እግረ መንገዳቸውን ዳኛው የተቀባዩ ሁኔታ በቅንነት ተለውጦ ከሆነ ማስመለሱ ሊቀር እንደሚችል ጠቆሙ።

ጥቆማው ሕግ የሆነው በ1991 ነው። አንድ ጠበቃ ከጽሕፈት ቤቱ የደንበኞች ሂሳብ ገንዘብ እያወጣ በለንደን የቁማር ቤት ይጫወትበት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሊፕኪን ጎርማን የቁማር ቤቱን ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ዋናውን ፍርድ የጻፉት እኚሁ ጎፍ ነበሩ። ያላግባብ መበልጸግ የእንግሊዝ ሕግ መርሕ መሆኑ በግልጽ ታወቀ፤ በቅን ልቦና የሁኔታ መለወጥም መከላከያ ሆነ። የቁማር ቤቱ ያሸነፈውን እንጂ ለተጫዋቹ መልሶ የከፈለውን እንዲተካ አልተገደደም። የለንደኑ ጳጳስ በዚያ ዘመን ቢከሰሱ ኖሮ ዕድላቸው የተለየ በሆነ ነበር።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ከመመለሴ በፊት አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ልጨምር፤ ትልቅ ባንክ፣ ዘመናዊ ሥርዓት ያለው፣ ሦስት ሰው ሳያጸድቅ የማይከፍል ባንክ እንኳ እንዴት እንደሚሳሳት ያሳያልና። ነሐሴ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲቲባንክ ለሬቭሎን የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ አበዳሪዎች ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሊያስተላልፍ ነበር። በኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት ሳጥኖች መመረጥ ሲገባቸው አንዱ ብቻ ተመረጠ፤ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የባንኩ የራሱ ገንዘብ ወጣ። ከአበዳሪዎቹ ገሚሶቹ መለሱ፤ ሌሎቹ ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆነውን ያዙ። «ሬቭሎን ይህን ገንዘብ በእርግጥ ያበድርነው ነው፤ ዕዳችን ተከፈለን እንጂ ያላግባብ አልበለጸግንም» አሉ። የኒውዮርክ ሕግ እውነተኛ ባለገንዘብ ስህተቱን ሳያውቅ ዕዳውን ከተቀበለ እንዲያስቀር ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ዳኛ በዚህ ተስማምተው በ2021 ለአበዳሪዎቹ ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 ሻረው፤ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ገና በ2023 ስለነበር ያን ቀን የሚጠየቅ ዕዳ አልነበረም፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ገንዘብ ሳይታሰብ ሲገባ ያየ ሰው መጠየቅ ነበረበት ብሎ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጉዳይ በፈተና አቅርቤው ነበር። ከተፈታኞቼ የሚበዙት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት፦ ሁሉም ሁሉንም ይመልሳል። ቁጥር 2163ን ያነሡት በጣት ይቆጠራሉ። ስለዚህ ጥያቄውን በሦስት ሰዎች ላይ ልክፈለው፤ ሰዎቹ የምናብ ናቸው።

ተማሪ «ሀ» በሂሳቡ 300 ብር ብቻ እንዳለው እያወቀ 20,000 ብር አወጣ። ስለ እርሱ ብዙ መነጋገር አያሻም። በመጀመሪያ ከባንኩ ጋር ያለው የሂሳብ ውል ራሱ ሊያስጠይቀው ይችላል፤ በዚህ ምዕራፍ ቢከሰስም ክፉ ልቦና አለበት፤ «በልቼዋለሁ» ማለቱ አያድነውም፤ ወለዱም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ይቆጠርበታል። ባንኩ ሥርዓቱን አለመጠበቁን እንደ መከላከያ ቢያነሣ ከባልቴት ሶላሪ የተሻለ መልስ አያገኝም።

ተማሪ «ለ» የ«ሀ» ጓደኛ ናት። ከወር በፊት ለመጽሐፍና ለምግብ 5,000 ብር አበድራው ነበር። ጠዋት ስትነሣ ዕዳው ወደ ሂሳቧ ገብቶ አገኘች፤ ስለ ሌሊቱ ወሬ ገና አልሰማችም። የእርሷ ነገር ከሲቲባንክ ጉዳይ ጋር ይቀራረባል፤ ያውም የእርሷ ገንዘብ የመክፈያው ጊዜ ደርሷል። በእጇ የገባው ገንዘብ ምክንያት አለው፤ በምትኩም በ«ሀ» ላይ የነበራት መብት ወርዷል። በእኔ አስተያየት በልጽጋለች ማለት አይቻልም፤ ባንኩ መጠየቅ ያለበት «ሀ»ን ነው። የፈረንሳዩ የ1804 ሕግም በቁጥር 1377 በተሳሳተ ሰው እጅ ዕዳው ተከፍሎት የብድር ሰነዱን የቀደደ ባለገንዘብ እንዳይመልስ ጠብቆት ነበር፤ ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም።

የሚያስቸግረው «ሐ» ነው። የ«ሀ» ታናሽ ወንድም ነው፤ በሌላ ከተማ ይማራል። ወንድሙ 8,000 ብር ላከለት፤ ስጦታ ነው አለው። ምንም አላወቀም እንበል። ገንዘቡን የተቀበለው ያለ ምንም ምትክ ስለሆነ እንደ «ለ» ሊከራከር አይችልም። የቀረው ቁጥር 2163 ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ማየት ግድ ይላል። ከስምንቱ ሺህ ሦስቱን ለቤት ኪራይ ከፍሎ ከሆነ፣ ኪራዩ ቢላክለትም ባይላክለትም የሚከፈል ነበር፤ ከራሱ ኪስ ሊወጣ የነበረው ተርፎለታል፤ ስለዚህ በዚያ መጠን ዛሬም በልጽጎ ይገኛል። ሁለቱን ሺህ ጓደኞቹን ሰብስቦ ድግስ ደግሶበት፣ ያለዚያ ገንዘብ የማይደግስ ከሆነ፣ ያ ጥቅም በእጁ የለም። በቀሪው ሦስት ሺህ ስልክ ገዝቶበት ከሆነ ስልኩ አለ፤ ዋጋው ግን ዛሬ ስንት ያወጣል? ይህን ሁሉ የማስረዳት ሸክም በራሱ በ«ሐ» ላይ ነው፤ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ተማሪ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በዚያ ሰሞን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ስም ዝርዝር ውስጥ «ሀ»ም «ለ»ም «ሐ»ም ቢኖሩ አንባቢው ሦስቱን መለየት አይችልም ነበር። ዝርዝሩ የሚያሳየው ስምና የገንዘብ መጠን ነው እንጂ ገንዘቡ ከማን፣ በምን ምክንያት፣ በምን ልቦና እንደገባ አይደለም። ባንኩ ገንዘቡን በፍጥነት ማስመለሱን አልነቅፍም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በየፍርድ ቤቱ ክስ ቢከፍት ኖሮ ዛሬም ባልጨረሰ ነበር። ይሁንና «ለ» በኀፍረት ብቻ 5,000 ብሯን መልሳ ከሆነ፣ ዛሬ ከ«ሀ» ላይ እንደገና የምትጠይቀው ዕዳ አላት፤ ባንኩም ከእርሷ የተቀበለውን በምን ምክንያት እንደያዘ ብትጠይቀው የሚመልስላት በዚያው ምዕራፍ ነው። በቁጥር 2165 ማንሣት የሚችለው መከላከያም አለው፦ ዕዳ እንደሌለባት እያወቀች በፈቃዷ ከፍላለች ሊላት ይችላል። ፎቶግራፍ ይለጠፋል በሚል ፍርሃት የተፈጸመ ክፍያ በፈቃድ የተከፈለ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ለውይይቱ ትቼዋለሁ። ከኋላ እጁን ያነሣ ተማሪ አያለሁ፤ ከእርሱ እንጀምር።